የሌላ ሰው ድካምና የሌላ ሰው ቃል በእጃችን ሲገባ

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ በመተማና በቋራ ቆላ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ የሚሆነውን ታውቀዋለህ። ሰሊጥ ፍሬው ሳይፈነዳ ይታጨዳል፤ ነዶው እየታሰረ በእርሻው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የአገሩ ሰው ይህን ክምር ሂላ ይለዋል። ፀሐይ ሲያደርቀው የፍሬው አፍ ወደ ላይ ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ነዶውን ገልብጠው በሸራ ላይ ቢያራግፉት ፍሬው ይወርዳል፣ አገዳው ይቀራል። እንግዲህ አንድ ሰው በሌሊት ወደ ሌላ ሰው እርሻ ገብቶ ነዶውን ሁሉ አንድ በአንድ አራግፎ፣ እንደ ነበረ መልሶ ቢያቆመው፣ ባለ እርሻው በማለዳ መጥቶ ክምሩን ሲያይ ምንም የጐደለበት አይመስለውም። ነዶው በቍጥሩ ልክ ቆሟል። ያ ሰው በሽማግሎች ፊት ቀርቦ «እኔ ከዚህ እርሻ አንዲት ነዶ አልወሰድሁም፤ ሄዳችሁ ቍጠሩ» ብሎ ቢሟገት ምን ትፈርድበታለህ?

ይህን የጠየቅሁህ ስለ መጽሐፍና ስለ ዘፈን መገልበጥ ነገር ሲነሣ ብዙ የተማሩ ሰዎች የሚሰጡት መልስ ይህንኑ ስለሚመስል ነው። «ከማንም አልወሰድሁም፤ የደራሲው መጽሐፍ በእጁ ነው፤ እኔ በቴሌግራም የመጣልኝን ፒዲኤፍ አነበብሁ፣ ለባልንጀራዬም ላክሁለት» ይላሉ። ወደ ሱቅ ገብቶ፣ ጥቂት ብር ከፍሎ፣ በሚሞሪ ካርዱ ላይ መቶ ዘፈን አስጭኖ የሚወጣውም እንዲሁ ይላል። ነዶው ቆሟል፤ የጐደለ የለም።

በአገራችን ሕግ ነገሩ ተቈርጧል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 ሥራውን የማባዛትና የማሰራጨት ፈቃድ፣ ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተም በኋላ እስከ 50 ዓመት፣ የእርሱና የወራሾቹ እንዲሆን ደንግጓል። ነገር ግን በድንበር ከተማ ለሚኖር ሰው አዋጅ መጥቀስ ብቻውን ብዙ እንዳይጠቅም አውቃለሁ። በእኛ ቆላ ከድንበር ማዶ በሌሊት የገባ ዕቃ በቀን ገበያ ላይ ሲሸጥ የሚደነግጥ ጥቂት ነው፤ «ከመንግሥት ቀረጥ የቀረ ከሰው አልተሰረቀም» የሚል ልማድ ከብዙ ዘመን ጀምሮ በልብ ተቀምጧል። ስለዚህ አዋጁን ለጊዜው ወደ ጎን አድርገን ነገሩን በራሱ እንመርምረው።

ከሁሉ የሚከብደው ክርክር የድኻው ተማሪ ክርክር አይደለም፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ። ከሁሉ የሚከብደው አባቶቻችንን ምስክር የሚጠራው ክርክር ነው። በጎንደርና በአካባቢው ባሉት አድባራት መጽሐፍ መገልበጥ እንደ ምጽዋት ይቈጠር ነበረ። ቆዳው ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ቀለሙ ይበጠበጣል፤ ጸሐፊው በአንድ መጽሐፍ ላይ ወራት ይቀመጣል፤ በመጨረሻው ቅጠልም ያስጻፈው ሰው ስሙን አስገብቶ አንባቢው እንዲጸልይለት ይለምናል። ከነዚህ ሁሉ አንዱስ እንኳ የደራሲውን ፈቃድ የጠየቀ የለም። ታዲያ ለእነርሱ ጽድቅ የሆነው ለእኛ እንዴት ኃጢአት ይሆናል?

መልሱ ድካሙ ከተቀመጠበት ስፍራ ይገኛል። በዚያ ዘመን ከባዱ ሥራ መገልበጡ ራሱ ነበረ። ያስጻፈው ሰው ብራናውን ገዝቷል፣ ጸሐፊውን ቀልቧል፣ ደመወዙንም ሰጥቷል፤ በነጻ የወጣ መጽሐፍ አልነበረም። ደግሞም የሚገለበጡት መጻሕፍት አብዛኛዎቹ ደራሲዎቻቸው ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ያረፉ ነበሩ። ዛሬ ግን መገልበጥ የጣት መንካት ሆኗል፤ ለአንድ ሰው መላክና ለአሥር ሺህ ሰው መላክ ድካሙ እኩል ነው። ድካሙ ሁሉ ወደ ጻፈው፣ ወዳረመውና ወዳሳተመው ሰው ሄዷል፤ ይህ ሰውም ሕያው ነው፣ የቤት ኪራይ አለበት፣ የማተሚያ ቤት ዕዳ አለበት። እንግዲህ «አባቶቼ ገልብጠዋል» የሚል ሰው አባቶቹ የከፈሉትንም ይክፈል።

ስለ መጽሐፍ መወሰድ ካነሣን አይቀር፣ አንድ ነገር ልጨምር። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ያከማቿቸውን መጻሕፍት በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወሰዳቸው፤ 350 የሚያህሉትም ወደ ብሪቲሽ ሙዝየም ገቡ። በዘመናችን የብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ከእነዚያ ብዙዎቹን በፎቶግራፍ አንሥቶ በኢንተርኔት አውጥቷል። ይህ ከላይ የተናገርሁት ነገር ተገላቢጦሽ ነው፤ ቅጂው ለእኛ ተለቀቀ፣ ነዶው ራሱ በሰው እጅ ቀረ። ቅጂ ለቅቄላችኋለሁና ዋናውን አትጠይቁኝ የሚለውን ሰው ሙግትም እንደ ሌላው አልቀበለውም።

አሁን ወደ ድኻው ተማሪ። በቆላችን የመጻሕፍት መደብር ሩቅ ነው፤ መጽሐፍ ከጎንደር በአውቶቡስ ይመጣል፤ መንገዱ በጦርነት ምክንያት ሲዘጋም አይመጣም። ለዚህ ተማሪ የሙሴን ሕግ አስታውሳለሁ፤ በዚያ ሕግ ባለ እርሻ የእርሻውን ዳር ጨርሶ እንዳያጭድ፣ የወደቀውንም ተመልሶ እንዳይለቅም፣ ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተውለት ታዝዟል። ስለዚህ የሚገዛበት መንገድ የሌለው ልጅ ከሰው የደረሰውን ቅጂ ቢያነብ ቃራሚ እንጂ ሌባ ብዬ ልጠራው አልደፍርም። ግን ቃራሚ ማን እንደ ሆነ እንወቅ። ቃራሚ አጨዳው ሳያልቅ አይገባም፤ ለአፉ ይለቅማል እንጂ በኩንታል አይጭንም፤ የለቀመውንም በባለ እርሻው ደጅ ገበያ ዘርግቶ አይሸጥም። በዚህ ወር የታተመውን መጽሐፍ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ በብዙ ሺህ ሰው ፊት የሚበትነው፣ በዚያም ብዛት ማስታወቂያ የሚሸጠው ሰው ቃራሚ አይደለም። በሚሞሪ ዘፈን እየጫነ ሱቁን ያቆመው ነጋዴም አይደለም። እነዚህ በሌሊት ሂላውን የሚያራግፉት ናቸው።

ባለ እርሻውም ከፍርድ አያመልጥም። ዳሩን ሳይተው ሁሉን የሚያጭድ ደራሲና አሳታሚ አለ። በቆላ ላለው አንባቢ በርካሽ ዋጋ በስልክ የሚነበብ እትም ቢያወጣ፣ ለአንድ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሁለት ቅጂ ቢሰጥ ምን ይጐድልበት ነበር?

እስከዚህ ስለ ድካም ተናገርሁ። የሌላ ሰው ቃል ግን ከድካሙ ይልቅ ወደ ነፍሱ የቀረበ ነው፤ ዋጋውም በብር አይተመንም።

የዚህ አገር ታሪክ አንድ ምሳሌ ይሰጠናል። ከዚሁ ከቋራ የተነሡት ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ በመሥሪያ ቤት ተቀመጠ፤ መልስ ሳይሰጥ ቀረ። በ1856 ዓ.ም. ደግሞ የሚሲዮናዊው የስተርንና የባልንጀራው የሮዘንታል ወረቀቶች ተበርብረው ተያዙ፤ ስለ ንጉሡ የማይገባ ነገር የተጻፈባቸው ሆነው ስለ ተገኙ በችሎት ፊት ተነበቡ፤ ሁለቱም እስከ 1860 ዓ.ም. ድረስ በእስራት ኖሩ። የንግሥቲቱን መልስ ይዞ የተላከው ራሳም በ1858 ዓ.ም. በዚችው በመተማ በኩል አልፎ ገባ፤ ኋላ እርሱም ታሰረ። ስተርን በለንደን ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ንጉሡ ትውልድ የጻፈው ነገር ጨዋነት የጐደለው ነበረ ብዬ አምናለሁ፤ ለታተመ ቃልም ሰው መልስ መስጠት ይገባዋል። በሣጥን ያለ ማስታወሻ ግን ገና ወደ ሰው ያልወጣ አሳብ ነው። አሳብን በወንጀል የሚይዝ ዳኛ የልብ መርማሪ የሆነውን የእግዚአብሔርን ወንበር ወስዷል። እንግዲህ በዚያ ዘመን በደብዳቤ ላይ ሁለት በደል ተሠራ፤ አንዱ መድረስና መመለስ የሚገባው ቃል ታግዶ ቀረ፣ ሁለተኛው መከፈት የማይገባው ተከፈተ። ከሁለቱም የመጣውን ደም ታውቃለህ።

ዛሬ የደብዳቤው አድራሽ የቴሌኮም ኩባንያ ነው። ኢንተርኔት ወደ አገራችን በ1989 ዓ.ም. ከገባ ጀምሮ አድራሹ አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበረ፤ እርሱም ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮ ቴሌኮም ይባላል፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም ሁለተኛ ሆኖ ሥራ ጀመረ። ሲም ካርድ ስታወጣ ስምህንና መታወቂያህን ትሰጣለህ። ከዚያ ወዲያ አድራሹ ማንን እንደ ጠራህ፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው ማማ አጠገብ ሆነህ እንደ ተናገርህ ያውቃል። በዋትስአፕ የምትጽፈው ቃል በመንገድ ሳለ የተቈለፈ ነው፤ በቴሌግራም ግን ሚስጥራዊ ውይይት የሚባለውን ካልመረጥህ በቀር ቃልህ በኩባንያው ማኅደር ይቀመጣል። ብዙ ተማሪ ይህን ልዩነት ሳያውቅ የቤቱን ገመና ሁሉ በዚያ ያኖራል።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰው ማስታወሻ፣ በፖስታ የሚልከው ደብዳቤ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚያደርገው ንግግር እንዳይደፈር ይከለክላል። ነገር ግን ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ማኅበር በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፣ በዚያን ጊዜ የጸጥታ ሰዎች የሰውን የጥሪ መዝገብ ያለ ብዙ ችግር ያገኙ እንደ ነበር፣ የተቀዳ ንግግርም በምርመራ ጊዜ ለታሳሪዎች ይሰማ እንደ ነበር ገልጿል። በ2016 ዓ.ም. ቍጥር 1321 የሆነው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። አዋጁ መልካም ነው፤ የሚፈተነው ግን በሸንጎ ሳይሆን በመዝገቡ አጠገብ በተቀመጠው አንድ ሠራተኛ ነው። ወንድሜ ነው፣ አለቃዬ ነው፣ የምወዳት ልጅ ናት ብሎ መዝገቡን ሲከፍት ማን ያየዋል?

አንዳንድ ምእመን «እግዚአብሔር ሁሉን ያያል፤ ንጹሕ ሰው ምን ይሰውራል?» ይላል። እግዚአብሔር ማየቱ እውነት ነው። ነገር ግን የሚያየው ይቅር የሚል ነው፤ ያየውንም በገበያ አያወራም። ደግሞም በስልክህ ውስጥ ያለው ያንተ ብቻ አይደለም። እኅትህ ስለ ሕመሟ የጻፈችልህ፣ ባልንጀራህ ስለ ዕዳው የነገረህ፣ አንድ ሰው ስለ ኃጢአቱ አልቅሶ የላከልህ ድምፅ በዚያ አለ። በኬላ ላይ ታጥቆ የቆመ ሰው ስልክህን ክፈት ሲልህ፣ አንተ ንጹሕ ብትሆንም እነዚያ ሁሉ ከአንተ ጋር ይመረመራሉ።

ሁለተኛው የአድራሽ በደል ማገድ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በውጊያው ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት አንድ ዓመት ለሚያህል ጊዜ በብዙ ስፍራ ተዘግቶ ነበር። በድንበራችን ማዶ ደግሞ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በጀመረው ጦርነት ላይ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የሱዳን ሦስቱም የስልክ ድርጅቶች፣ ዜንና ኤምቲኤን ሱዳኒም፣ በአገሩ ሁሉ ጸጥ አሉ። በዚያ ሳምንት ከካርቱም ሸሽቶ በመተማ የገባ ስደተኛ ወዲያም ወዲህም ቢዞር ቤተሰቡ በሕይወት መኖሩን የሚነግረው መልእክት አያገኝም ነበር። የሚዘጉት ሰዎች ሐሰትና የጠብ ወሬ በኢንተርኔት እንደ እሳት ይሄዳል ይላሉ፤ ውሸት አልተናገሩም። ነገር ግን በገበያ ሁለት ሰዎች ስለ ተጋደሉ ገበያውን ለዓመት የሚዘጋ ሹም፣ የሁለቱን ጠብ ሳይሆን የሺህውን ምሳ ነው ያስቀረው። ጠበኛው ወሬውን በሌላ መንገድ ያደርሳል፤ በቴሌብር ደመወዙን ለእናቱ የሚልከው የቀን ሠራተኛ ግን ሌላ መንገድ የለውም።

አድራሹ «ታዘዝሁ» ቢል ትእዛዙን መቃወም እንደማይችል አውቃለሁ። ሆኖም ማን እንዳዘዘው በግልጥ መናገር፣ ሰውም የገዛውን ጥቅል ላልተጠቀመበት ቀን መመለስ ይችላል። «ኔትዎርክ የለም» ብሎ የሰው እጅ የዘጋውን እንደ ዝናብና እንደ ነፋስ አድርጎ መናገር ግን ሐሰት ነው።

ነገሩ ትልቅ ኩባንያ ብቻ የሚመለከት እንዳይመስልህ፤ በከተማችን ትንንሽ አድራሾች ብዙ ናቸው። ስልክ የሚጠግን፣ ባትሪ በክፍያ የሚሞላ፣ ሚሞሪ የሚጭን ሁሉ የሰው ቤት በእጁ ይገባል። ከማዶ የመጡት ስደተኞች የልጆቻቸው ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃቸውና የቤታቸው ውል ከተሰበረ መስታወት በስተኋላ በዚያ ስልክ ውስጥ ብቻ የቀረላቸው አሉ። ጠጋኝ ከሆንህ ስልኩን በባለቤቱ ፊት ክፈት፤ የይለፍ ቍጥሩን አትጠይቀው፣ ለሥራው ካስፈለገም ራሱ ይምታው። ባለ ስልክም ከሆንህ ከመስጠትህ በፊት ሲሙንና ሚሞሪውን አውጥተህ ኪስህ ክተት፤ ጠጋኙም ተጠረጠርሁ ብሎ አይቀየምህ።