ገርበብ ያለው በር

እ.ኤ.አ. በጁን 2018 አንድ ቅዳሜ፣ በካሊፎርኒያ ኦሬንጅ ካውንቲ፣ የ19 ወር ሕፃን የነበረችው ኤሜሊን ሚለር ከእናቷ ጋር ጎረቤት ቤት ሄዳ እዚያው ጓሮ ያለ መዋኛ ውስጥ ሰጠመች። አባቷ ቦዲ ሚለር በበረዶ ሸርተቴ ስድስት የኦሎምፒክ ሜዳሊያዎች ያገኘ፣ በ2010 ቫንኩቨር ላይ ወርቅ ያጠለቀ ስፖርተኛ ነው። እናቷ ሞርጋን የመረብ ኳስ ተጫዋች ነበረች። ልጆቻቸውን በቸልታ የሚያሳድጉ ሰዎች አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ልጅ ሰጠመ የሚል ወሬ ስንሰማ ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው «እናቱ የት ነበረች?» የሚል ጥያቄ ስለሆነ ነው። ሞርጋን እዚያው ነበረች።

ከሳምንታት በኋላ በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ቀርባ የሆነውን ተናግራለች። ሶፋ ላይ ተቀምጣ ከጎረቤቷ ጋር እየተጫወተች ነበር፤ ልጆቹም ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ድንገት ጸጥታው ከልክ አለፈባት። ብድግ ብላ ትልልቆቹን ልጆች ኤሜሊን የት እንዳለች ጠየቀች፤ መልሱ ሳይመጣ ዓይኗ ወደ ጓሮ በሚያስወጣው በር ላይ አረፈ። ተዘግቶ የነበረው በር አሁን በጠርዙ ቀጭን ብርሃን ያስገባል። ከፍታ ስትወጣ ልጇ ውሃው ላይ ነበረች። ሕፃኗ ሆስፒታል ብትደርስም በማግስቱ አረፈች።

በዚያ ቤት በዚያ ሰዓት ማንም ዋና አላሰበም። የዋና ልብስ የለበሰ የለም፤ ፎጣም አልወጣም። የሕፃናት መስጠም ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ከሚሰጥሙት ከአምስት ዓመት በታች ልጆች አብዛኞቹ በዚያ ሰዓት ውሃ አጠገብ ይሆናሉ ተብሎ ያልታሰቡ ናቸው። ደግሞም ፊልም ላይ እንደምናየው ጩኸትና እጅ ማወዛወዝ የለም። ድክ ድክ የሚል ልጅ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ነው፤ በፊቱ ከተደፋ ቀና ማለት ያቅተዋል፤ አየር ካላገኘ ደግሞ ድምፅ ከየት ያመጣል? ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ሕፃንን ግን ሳያሳስቅም፣ ሳያስጮህም ይወስዳል።

ሞርጋን ሌላም ነገር ተናግራለች፤ እኔን ይበልጥ የነካኝ ይሄኛው ነው። ልጇን ለምርመራ በወሰደችበት ጊዜ ሁሉ ከሐኪሙ ጋር ስለ ብዙ ነገር ተነጋግረዋል፤ ስለ መስጠም ግን አንድም ቀን አልተነሳም። በአሜሪካ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያሉ ልጆችን ከየትኛውም ምክንያት በላይ የሚገድለው ግን መስጠም ነው። ባልና ሚስቱ ሐዘናቸውን ቤታቸው ውስጥ ዘግተውበት መቀመጥ ይችሉ ነበር፤ ማንም አይወቅሳቸውም። እነሱ ግን ልጆቻቸውን በውሃ ካጡ ሌሎች ወላጆች ጋር ሆነው አደባባይ ወጡ፤ የሕፃናት ሐኪሞችን አነጋገሩ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በማርች 2019 አዲስ መመሪያ አወጣ፤ ብዙ ልጆች ከአንድ ዓመታቸው ጀምሮ የዋና ትምህርት ቢጀምሩ ከመስጠም ከሚጠብቋቸው መከላከያዎች አንዱ ይሆናል የሚል ነው።

ይህ ምክር ቀላል አይምሰላችሁ። ይኸው አካዳሚ በ2000 ልጆች አራት ዓመት ሳይሞላቸው ለመደበኛ የዋና ትምህርት አይደርሱም ይል ነበር። ስጋቱ ሁለት ነው፤ ልጁ ውሃ መፍራት ይተዋል፣ ወላጁም «ልጄ ዋና ተምሯል» ብሎ ይዘናጋል። የማይረባ ስጋት አይደለም። ግን ግምት ነበር፤ በቁጥር የመዘነው አልነበረም። በ2009 ሩት ብሬነርና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት መዘነው። ከአንድ እስከ አራት ዓመት ሆነው ከሰጠሙት 61 ልጆች መካከል መደበኛ የዋና ትምህርት ወስደው የነበሩት 2 ብቻ ናቸው፤ ለንጽጽር ከተመረጡት 134 እኩዮቻቸው ግን 35ቱ ተምረዋል። ተመራማሪዎቹ ትምህርቱ የመስጠም አደጋን በ88 በመቶ ከመቀነስ ጋር ተያይዟል አሉ። ልጆቹ ጥቂት ስለሆኑ ቁጥሩን እንደ ቁርጥ ልኬት መያዝ አይገባም፤ ቢያንስ ግን ማስተማር ይጎዳል የሚለውን ፍርሃት ረቷል። አካዳሚው በ2010 አቋሙን አላላ፤ በ2019 ደግሞ በግልጽ መከረ።

ታዲያ የአንድ ዓመት ልጅ ውሃ ውስጥ ምን ይማራል? ሁለት ዓይነት ትምህርት አለ። አንደኛው እናት ወይም አባት ልጁን አቅፎ ከ30 ዲግሪ በላይ በሞቀ ውሃ ውስጥ የሚገባበት ነው፤ ይዘፈናል፣ ፊት ይረጠባል፣ ልጁ የገንዳውን ጠርዝ መያዝ ይለማመዳል። ሁለተኛው በ1966 ሃርቪ ባርኔት ፍሎሪዳ ውስጥ የጀመረው ነው፤ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ያህል፣ ለሳምንታት፣ ልጁ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ራሱን ገልብጦ በጀርባው መንሳፈፍና መተንፈስ ይማራል። የሚለር ቤተሰብ ከኤሜሊን በኋላ ለተወለዱት ወንዶች ልጆች የመረጠው ይሄን መንገድ ነው። ልጆች ብዙ ጊዜ ያለቅሳሉ፤ ዳር ቆሞ ያን ልቅሶ የሚሰማ ወላጅ አንጀቱ ይላወሳል፤ ዘዴውን የሚነቅፉ የዋና አስተማሪዎችም አሉ። አካዳሚውም አንዱን ዘዴ ከሌላው አስበልጦ አልመከረም። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ትምህርቱ ከመስጠም እንደሚያድን ማስረጃ የለም፤ ውሃ ውስጥ እጅና እግሩን ቢያንቀሳቅስም ለመተንፈስ ጭንቅላቱን በቂ አድርጎ ማውጣት አይችልም። ለዚህ ዕድሜ የመጀመሪያው ዓይነት፣ ማለትም ከወላጅ ጋር መጫወቱ ይበቃል።

ከባርኔት መንገድ ለሁሉም ይጠቅማል የምለው አንድ ነገር አለ፤ በመጨረሻ ላይ ልጁ ልብሱን እንደለበሰ ውሃ ውስጥ ይፈተናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አደጋው የሚመጣው ልጁ ሱሪና ጫማ አድርጎ ሳለ ነው። አገራቸው በቦይና በወንዝ የተከበበው ኔዘርላንዳውያንም ይህን ያውቃሉ። ልጆቻቸው «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» እንደምንለው በደረጃ የሚያገኙት የዋና ዲፕሎማ ገና ከመጀመሪያው ደረጃ በልብስ መዋኘትን ይጠይቃል። እንደ እኔ ግምት፣ ልጁን ዋና ሊያስመዘግብ የሄደ ወላጅ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ልጁ ስንት ሜትር እንደሚዋኝ አይደለም፤ ሳያስበው ቢወድቅ ምን እንዲያደርግ እንደሚያስተምሩት ነው።

ትምህርቱ ብቻውን ግን አይበቃም። አራቱንም ጎን የዘጋ፣ ቢያንስ 1.2 ሜትር ከፍታ ያለውና በሩ በራሱ የሚዘጋ አጥር ሕፃናት በቤት መዋኛ የመስጠማቸውን አደጋ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ብዙ ግቢ ሦስቱን ጎን ያጥርና አራተኛውን ለቤቱ ግድግዳ ይተወዋል፤ በዚያ ግድግዳ ላይ በር አለ። የኦሬንጅ ካውንቲው በርም ከቤት ወደ ጓሮ የሚያስወጣ ነበር።

በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በቴክሳስ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። የሚኖሩበት አፓርትመንት ብዙ ጊዜ መዋኛ አለው፤ ልደትና ክርስትናም ጓሮ ባለበት ቤት ይደገሳል። እኛ ዘንድ ልጅ የሁሉም ነው፤ አክስቱም፣ ጎረቤቱም፣ የክርስትና እናቱም ያዩታል። የምኮራበት ባህል ነው። ውሃ ባለበት ግን ሁሉም ያየዋል ብሎ ሁሉም ጨዋታውን ይቀጥላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በተራ አንድ ሰው ይሰየም። ተረኛው ስልኩን ያስቀምጣል፤ ቡና አይቀርብለትም፤ ዓይኑ ውሃው ላይ ይሆናል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ለሌላ ሰው በስም ጠርቶ ያስረክባል። መዋኛው የተዘጋ ነው ቢባልም ተረኛ አይቅር።

አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ላለው ወላጅ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ለሕፃናት የዋና ትምህርት በሆቴል ዋጋ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ አይደርስበትም። ውሃው ግን አለ። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ በበርሜል፣ በባልዲና በሳፋ ይጠራቀማል፤ ለግንባታ የተቆፈረ ጉድጓድ ክረምት ሲገባ ይሞላል። ሕፃን ለመስጠም ጥልቅ ውሃ አያስፈልገውም፤ አፍና አፍንጫውን የሚሸፍን ይበቃል። እዚህ ከካሊፎርኒያ ይልቅ የባንግላዴሽ ልምድ ይቀርበናል። በዚያ አገር ገጠር ከየቤቱ ጎን ኩሬ አለ፤ ልጆች የሚሰጥሙት ደግሞ እናቶች በሥራ በሚጠመዱበት የረፋድ ሰዓት ነው። ስለዚህ ትንንሾቹን ዋና ከማስተማር ይልቅ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት በመንደር ሴቶች የሚጠበቁበት ማቆያ ተከፈተላቸው፤ ዋናው ከአራት ዓመት በላይ ላሉት ሆነ። ማቆያ በሚውሉት ልጆች ላይ የመስጠም ሞት ከ80 በመቶ በላይ ቀንሶ ተገኝቷል።

እኛ ጋ ማቆያው እስኪከፈት የበርሜል ክዳን ይጠበቅ፤ ባልዲው ሥራው ሲያልቅ ይደፋ፤ ጉድጓዱ ይታጠር ወይም ይሸፈን። ይህን ለወላጅ የሚነግር ሰውም አለን። ልጅ የ15 ወር የኩፍኝ ክትባቱን ሊወስድ ጤና ጣቢያ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ በእግሩ መሄድ ጀምሯል፤ በርም መግፋት ይችላል። የጤና ባለሙያዋ ካርዱን እየሞላች «ቤት ውስጥ ውሃ በምን ታስቀምጣላችሁ? ክዳን አለው?» ብላ ብትጠይቅ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይወስድባትም። ጥያቄው በክትባት ካርዱ ላይ ቢታተም ደግሞ አትረሳውም።