አጋርን በስሟ የጠራት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በደማምና በኾበር በሰው ቤት የምታገለግሉ እኅቶቻችን፤

በዚህ ሳምንት አንዲት እኅት እያለቀሰች የድምፅ መልእክት ላከችልን። ማዳሟ ልብስ የሚያጥፍ፣ ዕቃ የሚያነሣ ሰው መሳይ ሮቦት በስልክ አሳይታት «ይኼ ሲመጣ አንቺን እሸኝሻለሁ፤ እሱ አይበላ፣ አይታመም» አለቻት። የእኅታችን ጥያቄ ስለ እንጀራዋ ብቻ አይደለም። «አባታችን፣ ማሽን ከተካኝ እኔ ድሮም ማሽን ነበርኩ ማለት ነው?» አለችን።

ነገሩ ተረት አይደለም። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ኒዮ የተባለ የቤት ሮቦት በ20,000 ዶላር፣ በሪያል 75,000 ገደማ፣ ለትዕዛዝ ቀርቧል። ያልቻለውን ሥራ ግን ሩቅ የተቀመጠ ሰው በካሜራው እያየ ያሠራዋል። በዚሁ አገርም በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ሶፊያ ለተባለችው ሮቦት ሪያድ ላይ ዜግነት ሲታወጅላት ሰምተናል፤ እኛ ኢቃማ ለማሳደስ የምንጨነቀው! በሶፊያ ሶፍትዌር የአዲስ አበባ ልጆች፣ የአይኮግ ላብስ ባለሙያዎች፣ እጃቸው አለበት። ስለዚህ «የአውሬው ምልክት ነው» የሚለውን መልእክት እየተቀባበላችሁ አትሸበሩ። የሰው እጅ ሥራ ነው።

እናቶቻችን በድንጋይ ወፍጮ ይፈጩ ነበር። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ ወገባቸው ዐረፈ፤ ለሰው እየፈጨች የምታድር ድኻ ግን የዕለት ጉርሷን አጣች። እኛም «ምንም አይመጣም» ብለን አንሸነግላችሁም። ከደመወዛችሁ ለራሳችሁ አስቀሩ፤ ሁሉን አትላኩ። ጊዜ ስታገኙ ሙያ ተማሩ።

ለእኅታችን ጥያቄ ግን ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 16ን እናንብብ። ግብፃዊቷ አጋር በሰው ቤት አገልጋይ ነበረች። አብራምና ሦራ ስለ እርሷ ሲነጋገሩ ስሟን አያነሡም፤ አገልጋይ ይሏታል እንጂ። በስሟ የጠራት በምድረ በዳ፣ በውኃ ምንጭ አጠገብ ያገኛት የእግዚአብሔር መልአክ ነው። ከወዴት እንደመጣች፣ ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት። ምን ሥራ እንደምትችል አልጠየቃትም። እርሷም አምላክ እንደሚያያት ዐወቀች።

ይህችንም እኅት ማዳሟ የምትጠራት ራሷ ባወጣችላት ስም ነው። እኛ የክርስትና ስሟን ጠይቀናታል፤ ዛሬ ማታ በጸሎት እናነሣዋለን። እናንተም የክርስትና ስማችሁን ላኩልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።