እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው



ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ ምዕራፍ 1 ላይ ለምጽ የያዘው ሰው በጌታችን ፊት ተንበርክኮ እንደ ለመነ ይነግረናል። ጌታም አዘነለት፤ «ንጻ» ከማለቱ በፊትም እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው። በኦሪት ሕግ እንዲህ ያለ ሰው ከሰፈር ውጭ ብቻውን ይቀመጥ ነበር (ዘሌ. 13፡46)። ስለዚህ የጌታችን እጅ ገላውን ብቻ ሳይሆን ብቸኝነቱንም ዳሰሰ።

በኦሪት ለምጽ የተባለው አንድ በሽታ ብቻ አይደለም። ዛሬ ሶሪያሲስ የምንለው የቆዳ ሕመምም በዚሁ ስም ሳይጠራ እንዳልቀረ ብዙ ሊቃውንት ያስባሉ። ሐኪሞች ከሥጋ ደዌ አጥርተው የለዩት በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ስንቶች በስሕተት ከወገን ተለይተው ኖረው ይሆን!

ሶሪያሲስ ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል ሥርዓቱን ሲስት የሚመጣ ሕመም ነው። በአንድ ወር ገደማ የሚታደሰው ቆዳ በጥቂት ቀናት ይታደሳል፤ አሮጌው ሳይረግፍ አዲሱ ይደርስበታል። በክርን፣ በጉልበትና በራስ ላይ ቅርፊት ያለው ወፍራም ቆዳ ይወጣል፤ በጠይም ገላ ላይ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ጥቁር ያደላል። ጥፍርንና መገጣጠሚያንም ሊጎዳ ይችላል። በቤተሰብ ውስጥ ሊወርድ ይችላል፤ ጭንቀትና የጉሮሮ ሕመምም ይቀሰቅሱታል። ነገር ግን በመጨባበጥ፣ አብሮ በመብላትም ሆነ በልብስ ከቶ አይተላለፍም።

ይህን ካወቅን ራሳችንን እንመርምር። በቅዳሴ የሰላምታ ሰዓት ነጠላችንን ሰብስበን ፈቀቅ ያልንበት ጊዜ የለምን? ሕመሙን የእርግማን ፍሬ ነው ብለን በሹክሹክታ አላወራንምን? ጌታችን ስለ ዕውሩ ሲጠየቅ እርሱም ወላጆቹም እንዳልበደሉ መልሷል (ዮሐ. 9፡3)። የዓለም ጤና ጉባኤም በ2014 እ.ኤ.አ. አገሮች ስለዚህ ሕመም እንዲያስተምሩና መገለልን እንዲዋጉ አሳስቧል።

ሕመሙን ለምትሸከሙ ወንድሞችና እኅቶች፤ ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ መውጊያው ቀረ፤ ጸጋው ግን በቃው (2ቆሮ. 12፡7-9)። ሶሪያሲስን ፈጽሞ የሚነቅል መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። የሚያስታግሡት ቅባቶች፣ በሐኪም ቁጥጥር የሚሰጥ የብርሃን ሕክምና፣ የሚዋጡና በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች ግን አሉ። ቆዳን በቅባት ማለስለስና አለማከክም ይረዳል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ጸሎትንም ሐኪምንም በአንድነት ያዝዘናል፤ እኛም አንዱን ስለ ሌላው አንተው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ በክፍላችሁ እጅጌውን እየጎተተ ክንዱን የሚሸሽግ ሕፃን ቢኖር አስቀድማችሁ እጁን ጨብጡት። ሌሎቹ ሕፃናት ከብዙ ቃል ይልቅ ከዚያች ሰላምታ ይማራሉ።

ለምጻሙን የዳሰሰ ጌታ እጆቻችንን ይባርክልን። አሜን።