ከዚያስ?

ባንድ የጥር ጠዋት በተከራየሁት ብስክሌት ከእንጅባራ ወደ ዘንገና ሐይቅ ስሄድ፣ ከሰል ተሸክማ ወደ ከተማ የምትገባ ሴት አገኘሁ።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው?»

«ዘንገናን አይቼ ልመለስ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... በቃ።»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ፔዳሉ ግን ከበደኝ። ሁለታችንም አልቦናል፤ እሷን ለእራት፣ እኔን ለሽርሽር። ያለ ጉዳይ መድከም ነውር ነው እንዴ? የአገው ፈረሰኞችስ? ማኅበራቸው በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው አድዋ የዘመተውን ፈረስ ለማሰብ ነው፤ ጥር 23 ሲጋልቡ «ከዚያስ?» የሚላቸው የለም። ጨዋታቸው ባለውለታ ያስታውሳል። የኔውስ?

ከኮርቻዬ ጀርባ ያለው መጫኛ ባዶ እንደነበር፣ የምቸኩልበት ጉዳይም እንዳልነበረኝ ትዝ ያለኝ ሐይቁ ዳር ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ስመለስ መንገዱ ላይ አልነበረችም።