ወላጆችና የልጆች ንባብ

ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በላከው በ2ኛው መልእክቱ፥ አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን በስም ያነሣል፤ ቅዱሳት መጻሕፍትንም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ማወቁን ይመሰክርለታል። ከዚህም የቤት ትምህርት ከመምህሩ ትምህርት እንደሚቀድም እንረዳለን።

በየኔታ ፊት 33ቱን ፊደል በየ7 ቤቱ የቆጠረ፥ አቡጊዳውን የለየ፥ ከመልእክተ ዮሐንስም አልፎ ወደ ዳዊት የሚገሠግሥ ሕፃን በየዕለቱ የሚያጠናበት ጊዜ ያስፈልገዋል። ይህንንም ጊዜ የሚሰጠው ወላጁ ነው እንጂ መምህሩ አይደለም። ዛሬ ከብት ጠብቅ፥ ነገ ገበያ ውረድ እየተባለ ከትምህርቱ የሚቀር ልጅ የቆጠረውን ይረሳል፤ ወቀሳው ግን በልጁ ላይ ይወድቃል።

«እኛ ራሳችን አልተማርንም፤ በምን እንረዳዋለን?» የሚሉ ወላጆች አሉ። እኛ ግን የማያነብም ማስነበብ ይችላል እንላለን። እናት ማታ እንዝርቷን እያሾረች «የዛሬውን አሰማኝ» ብትለው፥ ሲደናቀፍም ብትታገሠው፥ ትልቅ ረድኤት ነው። አብሮ መቁጠርም አያሳፍርም፤ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ጎልማሶች ፊደል የቆጠሩት በወጣቶች ፊት ተቀምጠው ነበርና።

እንግዲህ የልጅነት ጊዜ በወላጅ እጅ ያለ አደራ ነው። አደራውን እንጠብቅ ዘንድ አምላከ ቅዱሳን ይርዳን። አሜን።