ለደካማው የሚለቀቅ ቦታ

በአገራችን ለጋ ተክልን በውርጭ የሚያቃጥለው የክረምቱ ብርድ ሳይሆን የበጋው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ሲጠራ ምድር በቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ትለቀዋለች፤ ከሰበታ ከፍ ባለው በሱሉልታ ሜዳም ውርጭ ይወርዳል። ስለዚህ በጣሳ የተከለው የቡና ችግኝ ያለው ሰው ማታ ማታ ወደ ቤት ያስገባዋል። ነገር ግን ቤቱ ጠባብ ነው፤ አንዱ በርጩማውን፥ ሌላው የመኝታውን ጥግ ካልለቀቀ ስፍራ አይገኝም። ገና ላላፈራ ነገር ይህን ያህል መቸገር ይገባልን? አዎን፤ እኛም ሁላችን ፍሬ ሳናፈራ ቦታ ተለቆልናልና።

ሆኖም፥ ልጆቼ ሆይ፥ ርኅራኄም ልክ አለው። ጧት ፀሐይ ስትሞቅ ችግኙን አውጡት፤ በጨለማ ጥግ የተረሳ ተክል ከውርጭ ቢያመልጥም ይገረጣል። ደካማውን ያስጠጋ ሰው መልካም ሥራው የሚፈጸመው፥ የጠነከረ ዕለት በደስታ ሲያሰናብተው ነው።