መብራት ሲሄድ ምን ይተርፋል?



ባለፈው ሳምንት ቆሼ አካባቢ ዘመድ ቤት ተቀምጬ ለተማሪዎቼ ትምህርት ስጽፍ መብራት ሄደ። ዴስክቶፑ ድርግም አለ። መብራት መጥቶ ስከፍተው መጨረሻ የጻፍኳቸው ጥቂት አንቀጾች የሉም፤ ሌላው ግን ተርፏል። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

የምንጽፈው መጀመሪያ ራም ላይ ይቀመጣል፤ ራም ኃይል ሲቋረጥ የያዘውን ይረሳል። ዲስክ ላይ የሰፈረው ግን ይቆያል። ወርድ ካልቀየርነው በቀር በየ10 ደቂቃው መጠባበቂያ የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው። ዳታቤዞች ደግሞ ይበልጥ ይጠነቀቃሉ፦ ለውጡን ከማድረጋቸው በፊት መዝገብ ላይ ይጽፉታል። ከብልሽት ሲነሱ መዝገቡን አንብበው የተጠናቀቀውን ያጸናሉ፣ በግማሽ የቀረውን ይሰርዛሉ። ከአንዱ ሒሳብ ወጥቶ ሌላው ጋ ያልደረሰ ገንዘብ ተንጠልጥሎ አይቀርም።

እኛስ ስንወድቅ? ብዙዎቻችን ከረመዷን በኋላ ሶላት ሲያመልጠን ወይም የተውነው ወንጀል ላይ ስንመለስ «በቃ፣ ሁሉም ጠፋ» እንላለን። አልጠፋም። ዙህር ያመለጠው ሰው ቀዷውን ያውጣ እንጂ ዐስርን አይተው።

ግን ልዩነት አለ። ኮምፒውተሩ በግማሽ የቀረውን ሲሰርዝ ነገሩ እንዳልተደረገ ይሆናል። ተውባ ግን ጊዜን ወደ ኋላ አይመልስም። ዑለማዎች እንደሚያስተምሩን ወንጀሉን መተው፣ መጸጸት፣ ዳግም ላለመመለስ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ የሰው ሐቅ ካለበት ደግሞ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ። የጓደኛችንን ገንዘብ ይዘን በልባችን ብቻ ብንጸጸት ሒሳቡ በግማሽ ቀርቷል።

ይህን ለነገ ማሳደር እንዴት ከባድ እንደሆነ ቆሼ ታውቃለች። መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሻሻው ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከመካከላቸው ስንቱ «ነገ እከፍላለሁ»፣ «ነገ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ብሎ ነበር? ስንቱስ ይህንኑ ከሌላ ሰው ይጠብቅ ነበር? በነሐሴ 2010 እዚያው ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ ተመረቀ። ቆሻሻው መብራት ሆነ፤ ሰዎቹ ግን አልተመለሱም።

ስለዚህ ዛሬ ከጁሙዓ በኋላ አንድ ወረቀት አውጡ። የማን ሐቅ እናንተ ጋ እንዳለ ጻፉ። ከመግሪብ በፊት ለአንዱ ደውሉ። ገንዘቡ ባይኖራችሁ እንኳ «አልረሳሁህም፣ በዚህ ቀን እከፍልሃለሁ» በሉት። ባለሐቁ ሞቶ ከሆነ ወራሾቹን ፈልጉ።

አላህ ሐቅ ሳይኖርብን የምንገናኘው ያድርገን። ጁሙዓ ሙባረክ!